በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው እግር

እትዬ ልኬ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም። ሰላም ብሏት ፊቷ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ይጠፋትና ግራ ተጋብታ ትቆማለች፤ ዝቅ ብላ ጫማውን ስታይ ግን «አሃ፣ ቀኙን በውጭ በኩል የሚበላው!» ብላ የእናቱን ጤና ሳይቀር ትጠይቀዋለች። በዚህ የሚቀየሟት አሉ። እሷ ደግሞ ፊት ያስመስላል፣ ሶል አያስመስልም ባይ ናት። በወጣትነቷ ለትዳር የጠየቃትን አንድ ደህና ሰው የመለሰችው የሁለቱም ጫማዎቹ ሶል እኩል ስለተበላ ነው ብላ ታናሽ እህቷ ታወራባታለች። «እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ቤት ገብቶ ምን ሊያጫውተኝ ነው?» አለች ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት ፈጣሪ ይወቅ። እትዬ ልኬ ስትጠየቅ አታምንም፣ አትክድም፤ ትስቃለች።

ልኬ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ጫማ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት እግር ስትለካ ኖራ እዚያው የወጣላት ነው። ጫማ ክፍሉ ከሱቅ የሚገዛ ጫማ ለማይሆናቸው ሰዎች ጫማ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ አንድ እግሩ ላጠረበት ሶሉ ይወፍርለታል፣ እግሩ ለታጠፈበት ጎኑ ይደገፍለታል፣ ጣት ለሌለው ጫፉ ይሞላለታል። ከፊት ያለችው ክፍል መጠበቂያ ናት፤ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ሰፊ መስኮት አላት። ከኋላ ያለው ወርክሾፑ ነው፤ ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል፣ መደርደሪያው ላይ የእንጨት እግሮች በመጠን በመጠናቸው ተደርድረዋል። ጫማ ሰፊዎች ፎርማ የሚሏቸው ናቸው፤ ቆዳው እነሱ ላይ ተወጥሮ ነው ጫማ የሚሆነው። አዲስ ሰው እዚያ ሲገባ ትንሽ ይደነግጣል። እትዬ ልኬ ግን ምሳዋን የምትበላው እነሱን እያየች ነው።

አለካኳ ቀላል ነው። ወለሉ ላይ ቡናማ ወረቀት ታነጥፋለች፣ እግሩን ታቆመዋለች፣ እርሳሷን ቀጥ አድርጋ ይዛ ከትንሿ ጣት ጀምራ ዙሪያውን ትስላለች። ከዚያ በፊት ግን ሁለት እጆቿን እስኪሞቁ ታሻሻለች። ቀዝቃዛ እጅ እግርን ያስበረግጋል ትላለች። የምታወራውም ከባለቤቱ ጋር ሳይሆን ከእግሩ ጋር ነው። «ና እስቲ አንተ ኩሩ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የተኮራመትከው?» ስትል ኮስታራ ሽማግሌ ሳይቀር ይስቃል።

አንድ ነገር ግን አታደርግም፤ አስገድዳ አትለካም። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አልለካም ብሎ አስቸገረ። ሁለት ሰዎች ያዙት፣ እሷ ቁርጭምጭሚቱን ጨብጣ እያለቀሰ ለካችው። የወጣው ጫማ እንከን አልነበረውም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረላት ጫማ የለም። ልጁ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረገውም። እናቱ ከዓመት በኋላ እንደታሸገ መልሳ አመጣችው፤ «እግሩን አወቃችሁት፣ ልጁን ግን አላወቃችሁትም» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላቸው ሄደች። እትዬ ልኬ ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ ድምጿ ዝቅ ይላል።

መጻሕፍቱን ወደ መጠበቂያው ክፍል ያመጣችው ራሷ ናት፤ ይህ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም በኋላ የሆነው ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው። ልጆች ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ይፈራሉ፣ ሲፈሩ ደግሞ እግራቸውን ይደብቃሉ። ኃላፊውን አንድ ነገር ይደረግላቸው ብላ ብትለምን ብትለምን፣ እሱ ሰውዬ ለሁሉም ነገር «እናስብበታለን» የሚል መልስ ስላለው፣ በእረፍት ቀኗ መጽሐፍ መሸጫ ሄዳ የልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ሥር ቁጢጥ አለች። እግር፣ እግር፣ እግር እያለች ፈለገች። ሰው የማይጽፍበት ነገር የለምና ስለ እግር የተጻፉ ስድስት የልጆች መጻሕፍት አገኘች።

እንዴት ያምሩ ነበር! በአንዱ የዝሆን እግር ሙሉውን ገጽ ይዞታል። በአንዱ እንሽላሊት ግድግዳ ላይ እንዴት ተጣብቃ እንደምትወጣ ይነገራል። በሌላው ትንንሽ የወረቀት መስኮቶች አሉ፤ ሲከፈቱ የፍየል ኮቴ፣ የግመል መዳፍ፣ ድመቷ የደበቀችው ጥፍር ይታያል። የሁሉም መጨረሻ ደግሞ አንድ ነው፤ አንድ የልጅ እግር ተስሎ «ይህስ? ይህ የሰው እግር ነው!» ይላል። እትዬ ልኬ እያንዳንዱን ቆማ አንብባ ጨረሰችና እንደ ልጅ ደስ ብሏት ይዛቸው ወጣች። ነገሩም ተሳካላት። ልጆቹ መጻሕፍቱ ላይ ተደፍተው እግራቸውን መደበቅ የሚረሱበት ጊዜ በዛ። ቆዳ ቆራጩ እንኳ፣ ሰው ማመስገን ጥርስ እንደ መነቀል የሚያመው ሰውዬ፣ «ይቺ ሴትዮ ብልጥ ናት» አለ።

ሚጡ የመጣችው ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። ያመጣት አባቷ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጀርባው ላይ አዝሏት ነበር የገባው። ግራ እግሯ ላይ ሁለት ካልሲ ተደራርቧል። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት እግሯ ከውልደቷ ወደ ውስጥ እንደታጠፈ፣ ተረከዙ መሬት እንደማይነካ፣ አሁን የሚያስፈልጋት ደጋፊ ጫማ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። አባትየው ነገሩን ያስረዳው ረጋ ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ ግን ደረጃ አለው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት መሪ ላይ ነው፣ እናቷም ሥራ ላይ ናት፣ አዝሎ የሚያደርሳት የለም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ምክንያት ሳትገባ ቀርታለች። የጎረቤት ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ በመስኮት ታያቸዋለች። «ዘንድሮም ከቀረች…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

እትዬ ልኬ ወረቀቷን አነጠፈች፣ እጇን አሻሸች፣ እንደ ልማዷ እግሩን አነጋገረችው። ሚጡ ግራ እግሯን ከሥሯ አጥፋ ተቀመጠችበት። ተለመነች፣ ተባበለች፣ ከረሜላ ታየላት። አታለቅስም፣ አትቆጣም፤ ዝም ብላ ተቀምጣበታለች። ቤትም እንዲሁ ናት አለ አባቷ፤ ከእናቷ በቀር ማንም እንዲያየው አትፈልግም፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። እግሯን ብትደብቅም መጻሕፍቱን ግን ወደደቻቸው። እስኪሄዱ ድረስ ከእጇ አላስቀመጠቻቸውም።

የአባቷ እረፍት ማክሰኞ ነው። በሚቀጥለውም ማክሰኞ መጡ፤ ያው። ዘበኛው በር ላይ ሆኖ ነገሩን ሲሰማ አባትየውን ሊያጽናና «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለው። ሚጡ በዚያ ቀን አፏን የከፈተችው ለዚህ ብቻ ነበር። ከመጽሐፉ ቀና ብላ የእንቁላል እግር ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም ሳቀ። ዘበኛው ጨዋታ ካገኘ የማይለቅ ሰው ነውና እንቁላል ጣቱን ከውስጥ ነው የሚደብቀው አላት። እሷ አልሳቀችም። መጽሐፉን ገልጣ እንቁላል ትፈልግ ጀመር።

አንድ ጫማ ተለክቶ፣ ፎርማው ተስተካክሎ፣ ተሰፍቶ፣ እግር ላይ ተሞክሮ እስኪያልቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። በሦስተኛው ማክሰኞ ኃላፊው እትዬ ልኬን ወደ ጎን ጠርቶ ካልሆነ ሁለት ሰው ይዞ ያግዛት አለ፤ ለልጅቷ ለራሷ ሲባል፣ ትምህርቷ እንዳያልፋት። ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን የምትሰፋውን ጫማ ይዛ መጠበቂያው ክፍል ሄደችና ሚጡ አጠገብ ተቀመጠች። ወረቀትም አላነጠፈችም።

አባትየው ውጭ ነበር። ሚጡ ስድስቱንም መጻሕፍት ወለሉ ላይ ዘርግታ መሀላቸው ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ በስፌቷ ተጠምዳ የማታያት መስላታለች። ግራ እግሯን ከሥሯ አወጣችና ከነካልሲው የፍየሏ ገጽ ላይ አሳረፈችው። ትንሽ አየችና አነሳችው። ግመሉ ገጽ ላይ አሳረፈችው፤ አነሳችው። ዳክዬዋ ጋ ስትደርስ ቆየች። እግሯን በካልሲው ላይ ዳበሰች፣ ሥዕሉን በጣቷ ተከተለች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን እየፈለግሽ ነው የኔ እመቤት?» አለቻት እትዬ ልኬ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

«የኔን።»

«ያንቺን ምን?»

«የኔን እግር። የዳክዬ መስሎኝ ነበር፤ ግን የሷ ሁሉም ጣቶች ተያይዘዋል። የኔ ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

መርፌው እትዬ ልኬ እጅ ላይ ቆመ። መጨረሻ ላይ ያለውንስ አላየሽውም ወይ ብላ ጠየቀቻት፣ ድምጿ እንዳይለወጥባት እየተጠነቀቀች።

«አይቼዋለሁ» አለች ሚጡ፤ ነገር ለዘገየበት ሰው እንደምታስረዳ ሆና። «እሱማ የሰው ነው።»

እትዬ ልኬ ክው አለች። ያኔ ነው የእንቁላሉ ነገር የመጣባት። ሁሉም ሲስቅ ልጅቷ የጠየቀችው የምሯን ነበር፤ ከፍየሉም ከግመሉም ስታጣው ምናልባት እዚያ ይኖር ይሆናል ብላ ነበር። እግሯን የምትደብቀው ስላፈረች ብቻ አልነበረም። የማን እንደሆነ እስክታውቅ ነው። እትዬ ልኬ በሕይወቷ ብዙ የተጎዳ እግር አይታ አልቅሳ አታውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ክር ላምጣ ብላ ተነስታ ወርክሾፕ ገባችና ፎርማዎቹን ተደግፋ አለቀሰች።

ሚጡና አባቷ ከሄዱ በኋላ ስድስቱንም መጻሕፍት ሰበሰበችና የመጨረሻ ገጻቸውን ብቻ እየገለጠች አየች። የስድስቱም እግር አንድ ነው። ተረከዙ ክብ ነው፣ አምስቱ ጣቶች እንደ አተር ተደርድረዋል፣ ጉድፍ የለበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት እግር ስትለካ እንደዚያ ያለ እግር አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ይህን እያወቀች፣ እያንዳንዱን ገጽ ቆማ እያነበበች፣ እየወደደችው፣ ከሰው ሁሉ መርጣ እግራቸው የተለየባቸው ልጆች ፊት አስቀመጠችው። አንድም ቀን ምንም አልመሰላትም። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ይስታል ይባላል፤ ጫማ ክፍል ውስጥ ግን ሰባት ሰው እነዚህን መጻሕፍት በየቀኑ እያየ ማንም አላሰበውም።

ቤት ስትገባ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ፊቷን ስታይ እግር እንጂ ፊት የማታይ ሴት ዛሬ ፊቷን ለምን አጠቆረች አለቻት። እትዬ ልኬ ነገረቻት። እህቷ ሰምታ ስትጨርስ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቆመች፣ ቀኝ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ወንበሩ ላይ ሰቀለች። አውራ ጣቷ ወደ ጎን ዞሮ ጎረቤቱ ላይ ተጭኗል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት እንደ ለውዝ ወጥቷል።

«እስቲ ይሄን ከየትኛው ገጽ ታገኚዋለሽ?» አለች።

«ይሄ መቼ ሆነ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አብረሽኝ ስትኖሪ ሶሌን ስትነቅፊ እንጂ እግሬን ስታዪ አይቼሽ አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። እትዬ ልኬ የተበላ ሶል ታያለች፣ የታመመ እግር ታያለች፤ በሁለቱ መሀል ያለውን፣ ጤነኛ የሚባለውን ሰው እግር ግን ማን ያወልቅላታል? ውጭ የሚሄደው ሰው ሁሉ ጫማው ውስጥ የመጽሐፉ ዓይነት እግር ያለው አድርጋ ነበር የኖረችው። ያን ዕለት ወረቀት አነጠፈችና መጀመሪያ የእህቷን ሳለች።

በማግሥቱ ጫማ ክፍል ጉድ ሆነ። እትዬ ልኬ ሁሉንም ጫማ አውልቁ አለች። ዘበኛው ቀልድ መስሎት አወለቀ፤ ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ሊያጠልቅ ሲል ለመነችው። ትንሽ ጣቱ በር ወድቆበት መቆረጧን ማንም አያውቅም ነበር። የጽዳቷ ሴት እግሯ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነው። ቆዳ ቆራጩ፣ ጫማውን በቀን ሁለቴ የሚወለውለው ኩሩ ሰው፣ አሻፈረኝ አለ፤ ተለምኖ ሲያወልቅ ግራው ከቀኙ በአንድ ቁጥር ይበልጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ በጠባብ ጫማ ግራ እግሩን ሲያሰቃይ መኖሩን እዚያው ላይ ነው ያወቀው፤ ጫማ ሠሪ ጫማ የለውም የሚባለው ለካ እውነት ነው። ኃላፊው «እናስብበታለን» አለ። እትዬ ልኬ ወረቀቷን ቢሮው ወለል ላይ አነጠፈችና እስኪያስብ ቆማ ጠበቀች። ሲያወልቅ ካልሲው ቀዳዳ ነበረው፤ በቀዳዳው ብቅ ያለችው ሁለተኛ ጣቱ ከአውራ ጣቱ አንድ ጥፍር ሙሉ ትረዝማለች።

የደንበኞቿን ወረቀት ከመሳቢያ አላወጣችም። እዚያ ውስጥ የሦስት ሺህ ሰው እግር አለ፤ ግን ሰው ያሳያትን እግር አውጥታ አታሳይም። ይልቅ በልጅነታቸው ለክታቸው ዛሬ ትልልቅ የሆኑ ሦስት ሰዎች ጋ ደወለች። አንዷ አስተማሪ ሆናለች፤ ነገሩን ስትሰማ ሳትጨርስላት መጣሁ አለች፣ መጥታም ራሷ ጫማዋን አውልቃ ወረቀቱ ላይ ቆመች። ሌሎቹም መጡ።

እንስሳት ከሌሉበት ደግሞ መጽሐፍ አይሆንም። ችግሩ እትዬ ልኬ መሳል አትችልም፤ የምትችለው የቆመ እግር ዙሪያውን ማስመር ብቻ ነው። ስለዚህ እንስሳቱ ወረቀት ላይ መቆም ነበረባቸው። የዘበኛውን ዶሮ ለማቆም ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ዘበኛው ክንፏን ይዞ፣ እትዬ ልኬ ተንበርክካ፣ ዶሮዋ አንድ እግር ሰጥታ ሌላውን እየነሳች። የግቢው ድመት ደግሞ ሳትጠራ መጥታ የጫማ ቀለም ክዳን ረግጣ በኃላፊው እግር ሥዕል ላይ ተራምዳ አለፈች። ይቀየር ቢሏት እትዬ ልኬ እምቢ አለች። ድመቷ በፈቃዷ የሰጠችው ነው፤ ከዶሮዋ ይሻላል አለች።

ገጾቹን በወስፌ ወግታ ሰም በነካው የጫማ ክር ሰፋቻቸው። ልባሱ የተረፈ ቡናማ ቆዳ ነው። በእያንዳንዱ የሰው እግር ሥር በትልልቅ ፊደል ያንኑ ጻፈች፤ «ይህ የሰው እግር ነው።» ቆዳ ቆራጩ አንድ ነገር አሥር ጊዜ መጻፍ ምን ይባላል ብሎ አሾፈ። ስድስቱ መጻሕፍት አንዴ ብቻ ብለውት ነው እኮ ጉድ የሆነው አለችው። ከዚያ በኋላ አላሾፈም፤ ልባሱን ራሱ ወለወለላት።

አራተኛው ማክሰኞ ደረሰ። ከዚህ ካለፈ ጫማው ለትምህርት ቤት እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል፤ አባትየውም ያውቃል፣ ሚጡን ከጀርባው ሲያወርዳት ከእትዬ ልኬ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም። ወርክሾፕ ውስጥ መዶሻ አይሰማም። ሁሉም ሥራ ያለው መስሎ በሩን ያያል። እትዬ ልኬ መጽሐፉን ሚጡ ጉልበት ላይ አስቀመጠችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደምትል ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ ከርማ ሁሉም ጠፍቶባት ነበር።

ሚጡ ሽፋኑን አሸተተችው። ዶሮዋን አየች። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ገባች። ገና አታነብም፤ ከሥዕሉ ሥር ምን እንደሚል ጠየቀች፣ እትዬ ልኬ አነበበችላት። በሚቀጥለው ገጽም ጠየቀች፣ አነበበችላት። በሦስተኛው ላይ ጽሑፉ አንድ ዓይነት መሆኑን በዓይኗ ለየችው መሰል አልጠየቀችም፤ የማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ይሄ የዘበኛው ነው፣ ይሄ የቆዳ ቆራጩ የጋሼ ነው እየተባለች ቀና ብላ ሰዎቹን በበሩ በኩል ታያለች፤ ወደ ወረቀቱ ትመለሳለች። የዘበኛው ጣት የት ሄደ አለች። በር ወሰዳት ተባለች። ድመቷ የተራመደችበት ገጽ ላይ ፈገግ አለች። አስተማሪዋ ጋ ስትደርስ ግን ፈገግታዋ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ያለው እግር ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። ብዙ ጊዜ አየችው።

እስከ መጨረሻው ገልጣ ጨረሰች፣ ከፊት ጀምራ እንደገና ቆጠረች፣ ከዚያም «ያንቺስ?» አለቻት።

እትዬ ልኬ ወደ እግሯ ጎንበስ አለች። የሰውን ሁሉ እግር ለክታ የራሷን ረስታዋለች። የራስን እግር ጎንበስ ብሎ መሳል ደግሞ አይመችም፣ እርሳሱ ይንሸራተታል። ይህንኑ ነገረቻት።

«እኔ ልሳልልሽ» አለች ሚጡ።

እትዬ ልኬ ወረቀት አነጠፈች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋ ጋ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን በሺህ ለሚቆጠር ሰው አዛለች፤ እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር። የሰፋ እግር ነው፣ ትንሿ ጣት ላይ ኪንታሮት አለ፣ ጥፍሮቹም በደንብ አልተቆረጡም። መልሳ ልትሸፍነው ቃጣት። ሚጡ ግን መሬት ላይ ወርዳ፣ ሁለት እጆቿን አሻሽታ ነበር። ባለፉት ማክሰኞዎች ሌሎች ሲለኩ አይታ የያዘችው መሆን አለበት። ከትንሿ ጣት ጀመረች። ምላሷን አውጥታ፣ እርሳሱን ጨብጣ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ መስመር አሰመረች። ጣቶቹ መሀል ሲገባ እትዬ ልኬን ኮረኮራት፤ ሳቋን ውጣ እንባዋ መጣ።

ሲያልቅ ሚጡ ወረቀቱን አንስታ አየችው። የማንንም እግር አይመስልም ነበር። «ጻፊበት» አለች። እትዬ ልኬ ከሥሩ እንደ ሌሎቹ ጻፈችበት።

ከዚያ ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጣችና ላይኛውን ካልሲ አወለቀች። ቀጥላ ታችኛውን። ማንም አልጠየቃትም፤ በሩ ላይ አባቷ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ትንሽ እግር ነበር፤ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ሁለት ጣቶቹ ተያይዘዋል፣ በሁለት ካልሲ ተሸፍኖ ስለኖረ ላብ አርጥቦታል። እትዬ ልኬ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን አላነጋገረችውም። ልጅቷን እያየች፣ ብርድ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። አይደለም አለች ሚጡ። አዲስ ወረቀት አነጠፈችና ለካችው፤ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የተረከዙን ከፍታ። ቁጥሮቹን ልትጽፍ ስትል ቆዳ ቆራጩ መጥቶ ደግማ እንድትነግረው አደረገና በራሱ እጅ ጻፈላት።

ለጫማው የሚሆነውን ወረቀት ከያዘች በኋላ አንድ ሌላ ሣለች። ይሄኛው ለመጽሐፉ ይሁን ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ካልፈለገች ግን ማንም አያስገድዳትም። ሚጡ እሺ አለች።

«መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው» አለች እትዬ ልኬ። «መጽሐፉን የሚዘጋው ያንቺ ይሁን።» የክብር ቦታ ልትሰጣት ነበር፤ ሲያልመው የከረመ ሰው ድምፅ ነበራት።

ሚጡ ራሷን ነቀነቀች። «መጨረሻ ላይ አይሁን።»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

«መሀል ላይ» አለች። «ከዘበኛውና ከጋሼ መሀል። እንደ ሁሉም።»

እትዬ ልኬ ወስፌዋን አንስታ ስፌቱን ፈታች።